ለገጣፎ ሆኖ ፒያኖ ማስተማርና ኮንሰርት መጫወት፦ ያገለገለው አፕራይት ይገዛ ወይስ ይቅር?

ጥቁር_ቁልፍ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የተቆላለፈ ነውና ትንሽ ታገሱኝ።

ለገጣፎ ሆኜ ፒያኖ አስተምራለሁ። ዘጠኝ ተማሪ አለኝ፤ ስድስቱ ከ7 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች፣ ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች። እስካሁን የምጠቀመው 88 ቁልፍ ያለው ዲጂታል ፒያኖ ነው። አሁን ሲኤምሲ አካባቢ ያገለገለ ጀርመን ሠራሽ አፕራይት (ክሮቹ ቆመው የተወጠሩበት፣ ያለ መብራት የሚሠራ ፒያኖ) ለሽያጭ ወጥቷል። ባለቤቶቹ «ቁጭ ብሎ ነው እንጂ ምንም አልሆነም» ይላሉ፤ መቼ እንደተቃኘ ግን አያውቁም። ቤታችን ምድር ላይ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ኮርኒስ አለው። መብራት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሄዳል።

ላየው ስሄድ ምን ምን ልፈትሽ? «ተይው» የሚያሰኘው ጉድለት የቱ ነው፣ በገንዘብ የሚስተካከለውስ? ሁለተኛ፣ ተማሪዎቼን ወደ ሃያ ላሳድግ ወይስ የራሴን ጨዋታ ልጠብቅ? በሚመጣው ግንቦት የአንድ ሰዓት ሪሳይታል (ብቻዬን የምጫወትበት ኮንሰርት) የማቅረብ ሐሳብ አለ፤ ከዚያ ውጭ አገር ለማስተርስ ማመልከት። ሁለቱን አስታርቆ መሄድ የሚቻል ከሆነ በቁጥር ንገሩኝ። «በርቺ» የሚለውን ከዘመድ አግኝቼዋለሁ።


ቃኚው፦

እህቴ፣ ስትሄጂ ስልክሽ ላይ የመቃኛ አፕ ጫኚ፣ የእጅ ባትሪ ያዢ። ባለቤቶቹ ፊት ግን ዜማ አትጫወቺ። ጥሩ ተጫዋች የታመመ ፒያኖን ሳያስበው ይሸፍንለታል፤ የማይሠራውን ቁልፍ ጣቱ ይሸሸዋል። 88ቱንም ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ንኪ፦ አንዴ በጣም ቀስ ብለሽ፣ አንዴ በኃይል፣ አንዴ እየደጋገምሽ በፍጥነት።

ከዚያ የላይኛውን ክዳን አንሺ። የፊት ሰሌዳው ግራና ቀኝ በሁለት መቀርቀሪያ ነው የሚያዘው፤ ፈትተሽ አውጪው። ከፔዳሎቹ በላይ ያለውን የታችኛውን ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንድ የብረት ስፕሪንግ ነው፤ ስፕሪንጉን ወደ ላይ ስትገፊው ሰሌዳው ይለቃል። ባለቤቶቹ ይህን እንዳታደርጊ ከከለከሉሽ መልሱን አግኝተሻል፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ።

ዋናው የሚያስፈራው ፒኑ ነው። አንድ ፒያኖ ውስጥ ወደ 230 ክር አለ፤ የሁሉም ውጥረት ቢደመር 20 ቶን ይጠጋል። ያንን ሸክም የሚችለው የብረት ፍሬሙ ነው። ቅኝቱን የሚይዘው ግን ክሩ የተጠመጠመበት ፒን እንጨቱ ውስጥ ያለው ጥብቀት ብቻ ነው። እንጨቱ በበጋ እየደረቀ፣ በክረምት እያበጠ ዓመታት ሲያልፉ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ፒኑ ይላላል። ዛሬ ትቃኚዋለሽ፣ በሳምንቱ ወርዶ ታገኚዋለሽ። መለያው ቀላል ነው። ሁሉም ቁልፍ ተመሳሳይ ያህል ወርዶ ከሆነ ፒያኖው የጎደለው ቃኚ ነው፣ አትፍሪ። ጎረቤቶቹ ደህና ሆነው አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ለብቻው ክፉኛ የወረደ ካለ ፒኑ ላልቷል ማለት ነው። አምስት ስድስት ቢሆኑ አንድ ቁጥር የሚወፍር ፒን ይተካላቸዋል። ሠላሳና አርባ ከሆኑ ተይው፤ ፒኖቹ የተተከሉበትን እንጨት ማስቀየር ፒያኖውን ሁለተኛ እንደ መግዛት ነው። በፒኖቹ ሥር የጠቆረ፣ ፈሶ የደረቀ ነገር ካየሽ ደግሞ አንድ ሰው ለማጥበቅ ብሎ ፈሳሽ አፍስሶበታል። ያ ፒያኖ ከዚህ በፊት አንዴ «ሞቶ» ነበር።

ሁለተኛው የማይታለፍ ነገር በግራ በኩል ያሉት መዳብ የተጠመጠመባቸው ወፍራም ክሮች የሚያርፉበት ድልድይ ነው። በባትሪ አብሪበት፤ ክሮቹን በሚይዙት ትንንሽ ሚስማሮች መስመር ላይ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይንዛዘዛል፣ ቅኝትም አይይዝም። ሰዉ ሁሉ የሚደነግጠው ከኋላ ባለው ሰፊ ሳውንድቦርድ (ድምፁን የሚያጎላው የእንጨት ሰሌዳ) ላይ ስንጥቅ ሲያይ ነው። እኔ እሱን አልፈራም፤ ስንጥቁ ራሱ ብቻውን ድምፅ አያጠፋም። በኃይል ስትጫወቺ የሚንጫጫ ነገር ከተሰማ ነው ችግር፤ ከሳውንድቦርዱ ጀርባ ያሉት ደጋፊ እንጨቶች ለቀዋል ማለት ነው።

የቀረው በገንዘብ የሚስተካከል ነው። የመዶሻዎቹ ፌልት (የተጠቀጠቀው የሱፍ ልባስ) ላይ የክር ቦይ መኖሩ የሚጠበቅ ነው፤ ጥልቀቱ 2 ሚሊሜትር ከሆነ ተሞርዶ ቅርጹ ይመለሳል፤ ፌልቱ አልቆ እንጨቱ ሊታይ ከደረሰ መዶሻ መቀየር ነው። ብል የበላው ፌልት፣ ከቁልፎቹ ሥር የአይጥ ጎጆ፣ እነዚህ ቁጭ ብሎ የከረመ ፒያኖ ላይ ያልተለመዱ አይደሉም። አንዱን ቁልፍ እጅግ ቀስ ብለሽ ተጫኚውና መዶሻውን እዪ፦ ክሩን ለመንካት 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲቀረው አምልጦ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ካላመለጠ ክሩ ላይ ተጣብቆ ድምፁን ያፍነዋል፤ ግን ማስተካከያ ብሎን ስላለው አትጨነቂ። የቁልፉ ጥልቀት 10 ሚሊሜትር ያህል ነው። ክብደቱን ለመለካት ሳንቲሞች በሚዛን መዝነሽ 50 ግራም አድርጊና ቀኙን ፔዳል ረግጠሽ ቁልፉ ጫፍ ላይ አስቀምጪ። ቀስ ብሎ ከወረደ ደህና ነው። ለመውረድ 70 እና 80 ግራም የሚፈልግ ከሆነ የልጆች ጣት ይጎዳል፣ የአንቺም።

ማጓጓዙ ላይ ብዙ ፒያኖ ያልቃል። አፕራይት ከ200 ኪሎ በላይ ነው። በራሱ ትንንሽ ጎማዎች ኮብልስቶን ላይ መግፋት የፊት እግሮቹን እንደ መስበር ቁጠሪው። ከሥር ጠንካራ ሰሌዳ፣ በወገቡ ሰፊ ቀበቶ፣ ስድስት ሰው። ጫኝና አውራጆቹን ከመነሳቱ በፊት «በጎኑ አይተኛም» ብለሽ ተስማሚ፤ ዋጋውንም እዚያው፣ ለገጣፎ ከደረሰ በኋላ አይደለም። አይሱዙው ላይ ጀርባው ወደ ሾፌሩ ክፍል ሆኖ ቆሞ ይታሰር።

ቤት ሲገባ ፀሐይ ከምትመታው ግድግዳና ከማድ ቤት አርቂው። ከጀርባው 10 ሳንቲሜትር ያህል አየር ይለፍ። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝተሽ ፒያኖው ውስጥ አስቀምጪ፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ መሃል ከቆየ እንቅልፍሽን ተኚ። እርጥበት ለማድረቅ ብለው ከታች አምፖል አብርተው የሚተዉ አሉ፤ ፌልትና ደረቅ እንጨት ባለበት ያ እሳት መጋበዝ ነው፣ መብራት ሄዶ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ይበልጥ። ከመጣ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይቃኝ አዲሱን አየር ይልመድ። ከዚያ በዓመት ሁለቴ፦ አንዱ ሐምሌ አጋማሽ፣ ሌላው ጥቅምት መጨረሻ። በሰኔ መጀመሪያ የሚያስቃኝ ሰው ገንዘቡን ዝናብ ይበላበታል። ክረምቱ ሲገባ ሳውንድቦርዱ አብጦ ክሮቹን ወደ ላይ ይገፋል፣ በተለይ የመሃሉ ክፍል ከፍ ይላል፤ በጋ ሲመጣ ሁሉም ይወርዳል።


ትዝታ_በሲ፦

የፒያኖውን ጉዳይ ጋሼ ቃኚው ጨርሰውታል፤ ወደ ተማሪው ልግባ።

ጥያቄው «ስንት ተማሪ» መሆን የለበትም፣ «የትኛው ሰዓት» ነው። እስቲ እናስላው። ሃያ ተማሪ ያዝሽ እንበል፤ አሥራ ሁለቱ ልጆች በ30 ደቂቃ፣ ስምንቱ ትልልቅ በ60 ደቂቃ፤ በድምሩ 14 ሰዓት። ወላጅ ማናገሩ፣ ኖታ መምረጡ፣ ደብተር መጻፉ በተማሪ ሩብ ሰዓት ቢወስድ 5 ሰዓት ተጨመረ። 19 ሰዓት በሳምንት ለመምህር ብዙ አይደለም። ልጆች ግን የሚገኙት ከትምህርት ቤት መልስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ አምስት ቀን ሲባዛ 12 ሰዓት ተኩል። እና ቅዳሜ ጠዋት። ስለዚህ ሃያ ተማሪ ሊገባ ይችላል፣ ጠዋትሽን ካልሸጥሽ። አደጋው ያለው «ለእኔ 3 ሰዓት ላይ ነው የሚመቸኝ» ከሚሉት ትልልቅ ሰዎች ነው። አንዱን ማክሰኞ፣ ሌላውን ሐሙስ ካስገባሽ ልምምድሽ ተቦጫጭቆ ይቀራል። ከንጋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለውን ለማንም አትስጪ። ማታ ከተማሪ በኋላ እለማመዳለሁ ማለት ደግሞ ራስን ማታለል ነው፤ አምስት ሰዓት የሌላ ሰው ስህተት የሰማ ጆሮ የራሱን አይሰማም።

የቤት ለቤት ትምህርት ከወሰድሽ ሰፈር በሰፈር አሰባስቢው፤ ሰኞ አያት፣ ረቡዕ ሲኤምሲ። በአንድ ቀን ሁለት አቅጣጫ መሄድ ከገባሽ አንድ ሰዓት ለማስተማር አንድ ሰዓት ተኩል ታክሲ ውስጥ ትቀመጫለሽ፤ ዋጋሽን ስትተምኚ መንገዱም ሥራ ነው፣ ደምሪው።

ክፍያው በወር፣ በቅድሚያ፣ አራት ትምህርት ይሁን። አምስተኛ ሳምንት የሚወጣበት ወር ሲኖር ትርፉን በነፃ አትስጪ፣ አትሰርዢም፤ ሁሉንም ልጆች በአንድ ላይ ጠርተሽ እርስ በርስ እንዲጫወቱ አድርጊ። መድረክ የሚለመደው እዚያ ነው። የቀረ ትምህርት የሚካካሰው ከአንድ ቀን በፊት ለተነገረ ብቻ፣ ያውም በወር አንዴ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፈሽ በመጀመሪያው ቀን ስጪ፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ሳምንት እንደማታስተምሪም እዚያው ይግባ። በኋላ የሚነገር ሕግ ጠብ ያመጣል።

የዚህ አካባቢ ተማሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቤቱ 61 ቁልፍ ያለው ቀላል ኪቦርድ ነው ያለው። ለሦስት አራት ወር በቂ ነው፦ ኖታ ማንበብ፣ አምስት ጣት፣ ቆጠራ። ከዚያ በኋላ ግን ለስላሳና ጠንካራ ብሎ መለየት ጣቱ አይማርም፤ ወላጆቹን በጊዜ አስጠንቅቂያቸው። ሁለተኛው ከቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ የሚመጣው ነው። ጆሮው አንደኛ ነው፤ መዝሙር ሰምቶ ኮርዱን ወዲያው ያገኛል። ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ስኬል ብቻ ተጫውቶ ዘማሪው ከፍ ሲል ትራንስፖዝ የምትለዋን፣ ጣቱን ሳይቀይር ድምፁን ከፍ የምታደርግለትን በተን ይጫናል። ስለዚህ ጂ ሜጀር ለእሱ አዲስ አገር ነው። ይህን ልጅ «ተሳስተሃል» እያልሽ አታስቀይሚው። የሚያውቀውን አንድ መዝሙር በሲ፣ በጂ፣ በኤፍ፣ በዲ ትራንስፖዝ ሳይነካ እንዲጫወት ስጪው፤ በየሳምንቱ አንድ። በሁለት ወር ውስጥ ጥቁሩ ቁልፍ የት እንደሚገባ በራሱ ይገባዋል፣ ያኔ ኖታ አስገቢ።

ከቅኝቶቻችን ትዝታ ለጀማሪ እጅግ ይመቻል፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ጣት 1፣ 2፣ 3 ከዚያ አውራ ጣት ከሥር አልፎ ጂ ላይ። የሚበላሸው እዚች ቦታ ላይ ነው፦ ከኢ ወደ ጂ ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ልጁ አውራ ጣቱን ለማድረስ ክርኑን ወደ ውጭ ይገፋል፣ አንጓው ይጠመዘዛል። መድኃኒቱ ጣት ከማስረዘም ይልቅ እጁን በሙሉ ወደ ቀኝ ማንሸራተት ነው። አንቺሆዬን (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ) ቆየት ብለሽ አምጪው፤ ለጆሮ ነው እንጂ ለጀማሪ እጅ አይደለም።

ከዚያ ደረጃው የታወቀ ነው፦ ለረጅም ጊዜ በባህ ስም ሲጠራ የነበረው፣ በኋላ የክርስቲያን ፔትሶልድ መሆኑ የታወቀው የጂ ሜጀር ሜኑዌት፣ የቡርግሙለር ኦፐስ 100 ሃያ አምስት ልምምዶች፣ የክሌሜንቲ ኦፐስ 36 ስድስት ሶናቲናዎች፣ የባህ አሥራ አምስት ባለ ሁለት ድምፅ ኢንቬንሽኖች። ሁሉም አይኤምኤስኤልፒ የሚባለው የኖታ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይወርዳሉ፤ የሚከፈለው የፕሪንት ብቻ። ከክሌሜንቲ ወደ ቤቶቨን ሶናታ የሚያዘልል መምህር አለ፤ ኢንቬንሽን ያልተጫወተ ተማሪ ግራ እጁ ለዕድሜ ልክ አጃቢ ሆኖ ይቀራል።


መብራት_ጠፋ፦

እኔ ግን አልስማማም። አፕራይቱ ይቅርባት። ዲጂታሉ አይቃኝም፣ ብል አይበላውም፣ ያማሃ ፒ-45 11 ኪሎ ተኩል ነው፣ በባጃጅ ይሄዳል። በጆሮ ማዳመጫ ከንጋቱ 11 ሰዓት ብትለማመድ ጎረቤት አይነሳም። በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሠራ ስለሆነ በትንሽ ዩፒኤስ መብራት ጠፍቶም ትምህርት ይቀጥላል። ብቻ አዳፕተሩን ያለ ስታቢላይዘር ሶኬት ላይ አትተዪ፤ የሚያቃጥለው መብራት ሲሄድ አይደለም፣ ሲመለስ ነው።

የኤቢአርኤስኤም (የእንግሊዙ የሙዚቃ ፈተና ቦርድ) የፐርፎርማንስ ግሬድ ፈተናም ዲጂታል ይቀበላል፤ ቁልፉ ክብደት ያለውና ለንክኪ የሚመልስ ይሁን፣ ቀኙ ፔዳል ይኑረው፣ ድምፁ የፒያኖ ድምፅ ይሁን። አራት ሥራ በአንድ ተከታታይ ቪዲዮ፣ ሳይቆረጥ። ሦስቱ ከቦርዱ ዝርዝር፣ አንዱ የራስ ምርጫ። ከ150 ነጥብ 100 ያገኘ አለፈ፣ 120 ሜሪት፣ 130 ዲስቲንክሽን። ለዚህ ሲኤምሲ ድረስ ሄዶ 200 ኪሎ መሸከም ለምን?


ትዝታ_በሲ፦

ለተማሪ ፈተና ልክ ነህ ወንድሜ። እንደውም ልጨምርበት፦ ከግሬድ 5 በላይ ለመሄድ የግሬድ 5 ቲዎሪ መታለፍ አለበት፤ ወላጆች ይህን ሳያውቁ ግሬድ 6 ደርሰው ይቆማሉ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነም ምዝገባው ሳይከፈት ካርዱን አዘጋጂ። ካሜራው ከጎን ይቁም፣ ፊትና ሁለቱ እጆች አብረው ይታዩ። ለገጣፎ ላይ ቀረፃ የሚመቸው ሰዓት ከቀኑ 5 እስከ 8 ነው፤ ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ፣ ማታ ውሻና ጄኔሬተር።

ለኮንሰርት ግን አይሆንም። አዳራሹ ውስጥ የሚጠብቃት ትልቅ አኮስቲክ (እውነተኛ ክርና መዶሻ ያለው) ፒያኖ ነው። በዲጂታል ላይ ፔዳሉን በግማሽ፣ በሩብ መርገጥ እንደ አኮስቲኩ በእግር አይለመድም፤ እና በደካማ ንክኪ ድምፁ ሳይወጣ የሚቀርበት ነገር አኮስቲክ ላይ ነው የሚጋለጠው። ሁለቱም ይኑሯት፤ ንጋት በጆሮ ማዳመጫ፣ ከ3 ሰዓት በኋላ በእንጨቱ።


ጥቁር_ቁልፍ፦

አመሰግናለሁ፣ በጣም። ትናንት አይቼው መጣሁ። የመሃሉ ኤ በአፑ 428 ኸርትዝ ነው የሚያሳየው። ሌሎቹም እንደዚያው ወርደዋል፤ ለብቻው የወረደ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው። ብዙ ዝገት የለውም። ሁለት ቁልፍ ግን ተጭኖ ቶሎ አይመለስም። ጋሼ ቃኚው፣ ይህ ይሳባል? ክር አይበጠስም?


ቃኚው፦

መደበኛው ኤ 440 ነው። ከ440 ወደ 428 ማለት 48 ሴንት ያህል ወርዷል፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ሰሚቶን (ሰሚቶን ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው፣ ሴንት የእሱ መቶኛ)። ይሳባል፣ ግን በአንድ ጊዜ አይሆንም። መጀመሪያ በጥድፊያ ሁሉንም እንስበዋለን፤ አንዱን ክር ስትስቢ ፍሬሙና ሳውንድቦርዱ ይጨመቃሉ፣ ቀድሞ የተሳበው ይወርዳል። ስለዚህ ከጎደለው ሩብ ያህል አሳልፈን እናቆማለን፤ የአንቺን ኤ 443 አካባቢ አድርገን እንተወዋለን ማለት ነው፣ ራሱ ወደ 440 ይወርዳል። ከዚያ ሁለተኛ ዙር፣ ከዚያ ደህናው ቅኝት። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ በሦስተኛው ወር ሌላ። ስለዚህ ለአንድ ዓመት የቃኚ ሂሳብሽን በሁለት ሳይሆን በአራት አስቢው፣ ዋጋ ስትከራከሪም ይህን አስቆጥሪ። ክር እንዳይበጠስ ከመሳቡ በፊት ፒኑ ወደ ታች ትንሽ ይመለሳል፤ ክሩ በዝገት ከተያዘበት ቦታ እንዲላቀቅ። ሁለት ሦስት ክር ቢበጠስ ግን ያረጀ ፒያኖ ነውና አይግረምሽ። «አይሳብም፣ ባለበት 428 ላይ እንቃኘው» የሚልሽ ካለ እሺ አትበዪ፤ ከቫዮሊንና ከዋሽንት ጋር መጫወት አትችዪም፣ የተማሪዎችሽም ጆሮ ይበላሻል።

ያልተመለሱትን ቁልፎች ጫፋቸውን ይዘሽ ግራና ቀኝ ወዝውዢ። ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሱ ከሥር ያለው ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ጨርቅ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል፤ በመቆንጠጫ ትንሽ ይጨመቃል፣ ሥራው አምስት ደቂቃ ነው። ቁልፉ ተመልሶ መዶሻው ግን ወደ ኋላ ዘግይቶ ከቀረ የመዶሻው ማጠፊያ ፒን ነው። አንዳንዴ ደግሞ በሁለት ቁልፍ መሃል የወደቀ እርሳስ ብቻ ይሆናል። ዘይት ግን እንዳትነኪው፤ ለበር ማጠፊያ የሚነፋውን ስፕሬይም። ፌልቱ ይጠጣውና ከዓመት በኋላ ሁሉም ይጣበቃል።


ኢንተርሚሽን፦

ስለ ሪሳይታሉና ስለ ማመልከቻው እኔ ልመልስ፣ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸውና።

ለማስተርስ የሚጠይቁት ዝርዝር ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ቢለያይም አጥንቱ ተመሳሳይ ነው፦ አንድ የባህ ፕሪሉድና ፉግ (ፉግ አንድ ዜማ በተለያዩ ድምፆች እየተከታተለ የሚገባበት ሥራ ነው)፣ አንድ ክላሲካል ሶናታ፣ አንድ ኢቱድ (የቴክኒክ መለማመጃ ሥራ፣ ብዙ ጊዜ የሾፓን)፣ አንድ ትልቅ የሮማንቲክ ሥራ፣ አንዳንዴ የ20ኛው ክፍለ ዘመን። ስለዚህ የግንቦቱን ፕሮግራም በዚህ ላይ ስሪው። ባህ 5 ደቂቃ፣ የቤቶቨን ኦፐስ 31 ቁጥር 2 ሶናታ 24 ደቂቃ ያህል፣ ሁለት የሾፓን ኢቱድ 5 ደቂቃ፣ የሾፓን የመጀመሪያው ባላድ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ የአገራችን ሥራ። አንድ ሰዓት ሞላ፣ ጭብጨባና መግቢያ ሲታከል። የአገራችንን ሥራ እንደ ምርቃት መጨረሻ ላይ አትጣዪው፤ ከባላዱ በፊት አስገቢው፣ አድማጭ ጆሮው ያርፋል። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነስቶ ሶፊያ፣ ቡልጋሪያ ተምሮ፣ ተመልሶ ያሬድ ያስተማረ ሰው ነው፤ ማስተማርና መድረክ በዚህ አገርም አብረው ሊሄዱ መቻላቸውን ለሚጠራጠር እሱን ማየት ይበቃል።

ጊዜውን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሪ። ሚያዝያ ውስጥ ፕሮግራሙን በሙሉ ሦስት ጊዜ ሰው ፊት መጫወት አለብሽ፤ ሳሎን ውስጥ አምስት ሰው ይበቃል፣ ግን ተሳስተሽ ማቆም የለም። ስለዚህ በመጋቢት ሁሉም በቃል ያለቀ፣ በጥር መጨረሻ ኖታው ያለቀ። ከየካቲት በኋላ አዲስ ሥራ አይጨመርም፣ የቱንም ያህል ቢያምርሽ።

በቃል መያዝ የሚፈርሰው ጣት ብቻ ሲያስታውስ ነው። መድረክ ላይ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ልብ ይመታል፣ ጣት የለመደው ፍጥነት ይቀየራል፤ ያኔ ጣት ይረሳል። መከላከያው በሶናታው እያንዳንዱ ክፍል ላይ ከ8 እስከ 10 ቦታ በእርሳስ ቁጥር መጻፍ ነው። ከዚያ ሰው «ስድስት!» ሲልሽ ከስድስት መጀመር፣ «ሦስት!» ሲልሽ ከሦስት። ከመጨረሻው ቁጥር ወደ መጀመሪያው እየተመለሽ ተለማመጂ፤ አብዛኛው ሰው መጀመሪያውን መቶ ጊዜ፣ መጨረሻውን ሃያ ጊዜ ነው የሚጫወተው፣ መድረክ ላይ የሚፈርሰውም መጨረሻው ነው። ፉጉን እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው፣ በሌላኛው እጅ ጭምር ተጫወቺው። ግራ እጅን ብቻ በቃል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫወት ካልቻልሽ አልያዝሽውም።

በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ይበቃሻል፤ 40 ደቂቃ ተጫውተሽ 10 ደቂቃ ተነሺ። ኦክታቭና ትልልቅ ኮርድ በተከታታይ ከ10 ደቂቃ አይበልጥ። ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት መደንዘዝ ከጀመሩ «ይለቃል» ብለሽ አትግፊበት፤ አቁሚ፣ የወንበሩን ቁመት ፈትሺ (ክርን ከቁልፉ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ)፣ ካልተሻለ ሐኪም። እኛ ዘንድ ንጋት ይበርዳል፤ በቀዝቃዛ እጅ ሾፓን ኢቱድ መክፈት ራሱ አንድ የጉዳት ምክንያት ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ዝግተኛ ስኬል።

አዳራሽ ስትነጋገሪ፣ አሊያንስም ይሁን ጎቴ ወይም ሌላ፣ ከቀኑ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ፦ ፒያኖው ምን ዓይነት ነው፣ ለኮንሰርቱ ቀን ማን ይቃኘዋል፣ ከመድረኩ በፊት ስንት ሰዓት ልምምድ ይፈቀዳል። ሁለት ሰዓት ካልተሰጠሽ ፔዳሉን አታውቂውም። ልምምዱን በኮንሰርቱ ጫማ አድርጊ፤ ወፍራም ሶል ፔዳሉን ያደነቁረዋል።

ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ዲሴምበር 1 ይዘጋል፤ በእኛ ኅዳር 22 አካባቢ ማለት ነው። የማጣሪያ ቪዲዮው ከዚያ በፊት ስለሚያስፈልግ በመስከረምና በጥቅምት ትቀርጫለሽ። ጥሩው ነገር ያ ጊዜ ከግንቦቱ ሪሳይታል አራት ወር በኋላ ነው፣ ሥራው በስሎ ይቆያል። መጥፎው ደግሞ ክረምቱ በመሃል ነው፤ የተማሪ የዕረፍት ኮርስ በሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ጠዋት ይጠየቃል፣ ገንዘቡም ያጓጓል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ብቻ ስጪው። ውድድር ካሰብሽም ዕድሜን አስቢ፤ ዋርሶ ላይ በየአምስት ዓመቱ የሚካሄደው የሾፓን ውድድር ከ16 እስከ 30 ዓመት ላሉ ነው፣ ሌሎቹም ትልልቆቹ በዚያ ዙሪያ ናቸው።

አንድ ነገር ሳትንቂ ያዢ፦ ማጀብ። ዘፋኝ፣ ቫዮሊን፣ መዘምራን። ብቻውን ከሚጫወት ፒያኒስት ይልቅ በሁለት ቀን ኖታ አንብቦ የሚያጅብ ቶሎ ይጠራል፤ ውጭ አገርም የማስተርስ ረዳትነት ሥራ በብዛት የሚገኘው በዚሁ ነው። በየቀኑ 15 ደቂቃ ያላየሽውን ኖታ፣ ሳታቆሚ፣ ከደረጃሽ ሁለት ዝቅ ያለ። ስህተት ቢኖርም ምቱ አይቁም፤ አጃቢ የሚባረረው በተሳሳተ ኖታ ሳይሆን በቆመ ምት ነው።


ጥቁር_ቁልፍ፦

ቅዳሜ ተመልሼ ልዋዋል ነው። ዋጋውን አራቱን ቅኝት አስቆጥሬ አወርደዋለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት የምትመጣውን ተማሪዬንም ወደ ቅዳሜ አዛወርኳት፣ ትንሽ አኮረፈች።


ቃኚው፦

ከመዋዋልሽ በፊት የቤትሽን በር ለኪ። አፕራይት ወርዱ 150 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ያህል ነው፤ ኮሪደር ውስጥ መታጠፊያ ካለ ቀጥ ብሎ 150ው መዞር አለበት። በሩ 80 ሆኖ እንኳ የበሩ እጀታና የፒያኖው ጎን መያዣ አብረው 10 ሳንቲሜትር ይበላሉ፤ በሩን ከማጠፊያው ንቀሉት። ስድስት ሰው ተሸክሞ ደጃፍ ላይ ቆሞ ካቻቢቴ የሚፈለግበት ጊዜ አይደለም።